ሐረር ድረስ የሄደው የእድር ቁልፍ

ከሐረር ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጅብ ነው። «ጅቡን አበላሽው? በእጅሽ ነው በአፍሽ?» ይለኛል የስፖርት መምህራችን፣ በየጠዋቱ፣ ተማሪው በተሰለፈበት ሳይቀር። አላበላሁትም። አላየሁትምም። አምስት ሌሊት ሐረር አድሬ ጅብ ሳላይ የተመለስኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ስለ ጅብ መስማት የምትፈልጉ ሌላ ሰው ጠይቁ። እኔ የማወራችሁ ስለ ሰውና ስለ አንድ ቁልፍ ነው።

ለማያውቀኝ፣ ስንዱ እባላለሁ፤ ከወልድያ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነኝ። ጦርነቱ በእኛ በኩል ሲያልፍ ለትምህርት ቤታችን ግድግዳውን ብቻ ትቶለት ሄዷል፤ በሩ፣ ወንበሩ፣ የቤተ ሙከራው ዕቃ፣ ደወላችን እንኳ የለም። ከዚያ በኋላ፣ ከጦርነት ለማገገም ለሚፍጨረጨሩ ከተሞች «ወጣት መሪዎችን» የሚያሠለጥን ፌሎሺፕ መጣ ሲባል አመለከትኩ። ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ነው። «ወጣት» ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ «መሪ» ሲሉኝ ግን ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አየሁ።

ከየክልሉ የተውጣጣን ዐሥራ ሁለት ሰዎች ተመረጥን። ዓመቱን እየተገናኘን ተማርን፤ የመጨረሻው ሳምንት ሐረር ሆነ። እዚያ ሰው ቤት አርፈን፣ የተለያየ ሕዝብ በአንድ ግንብ ሥር እንዴት እንደሚኖር አይተን፣ ቅዳሜ ዕለት እያንዳንዳችን ለከተማችን ያሰብነውን ዕቅድ እናቀርባለን። የእኔ ዕቅድ ርዕስ «እድርን ለእርቅ» ነበር። አሁን ርዕሱን ሳስበው አፍራለሁ፤ ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ሰኞ

የጉዞዬ መጀመሪያ ፍለጋ ነበር። የእድራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት የሚቀመጠው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ባለች መጋዘን ነው፤ የእድሩ ጸሐፊም ቁልፍ ያዥም እኔ ነኝ። በሌለሁበት ሰው ቢሞት ብዬ ቁልፉን ለሊቀመንበራችን ለጋሽ አስረሴ ላስረክብ ብል የለም። ቦርሳዬን ገለበጥኩ፣ ፍራሽ አነሳሁ፣ የካፖርቴን ኪስ ሦስት ጊዜ ፈተሽኩ። አውቶቡሱ ክላክስ ሲያደርግ «ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ይሆናል» ብዬ ሮጥኩ።

መንገዱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደብረ ሲና ላይ ጉም። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ትከሻዬ ላይ ተኝታ አዲስ አበባ ድረስ ሄደች፤ ስትነቃ «ትከሻሽ ቆርቁሮኛል» ብላ ወቀሰችኝ። እኔም ይቅርታ ጠየቅኳት።

ማክሰኞ

አውሮፕላን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዳይታወቅብኝ ያላደረግኩት የለም። ቦርሳዬ በፍተሻ ማሽኑ ሲያልፍ ግን ጥበቃዋ አስቆመችኝ። «ብረት አለበት» አለች። በሶዬን አወጣች፣ ቆሎዬን አወጣች፣ ሁለተኛ አሳለፈችው። «አለበት እኮ!» አለች። ብንፈልግ ብንፈልግ አጣነው፤ ኋላ ተሰላችታ «በቃ ሂጂ እቴ» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ቆማ የምታየው ለተብርሃን ናት። ለተብርሃን ከትግራይ የመጣች ነርስ፣ የፌሎሺፑ ባልደረባዬ ናት። ዓመቱን ሙሉ «ደህና ነሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለን ነበር የምናልፈው። እኔ ጦርነቱ ካለፈበት በአንዱ በኩል ነኝ፣ እሷ በሌላው፤ ሁለታችንም አፋችንን እንቆጥባለን። አስተባባሪዎቹ ሆን ብለው ይሁን እንጃ፣ ሐረር አንድ ቤት መደቡን።

ድሬዳዋ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን፤ ሚኒባሱ ዳገቱን ሲወጣ ደግሞ የእኛ አገር ብርድ መጣ። አወዳይ ላይ የጫቱ ገበያ መንገዱን ዘግቶት ግማሽ ሰዓት ቆምን። እኛ ጋ እንዲህ የሚጋፋ ሰው ካያችሁ እርዳታ ሊከፋፈል ነው ማለት ነው፤ እዚህ ግን ይሳሳቃሉ።

ሐረር የተቀበለን መምህር ሙሉጌታ ነው፤ ቅድመ አያቱ ከሸዋ መጥተው የቀሩ፣ ሐረር የተወለደ ክርስቲያን። በግንቡ አንድ በር ገብተን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ተሹለክልከን አባይ ዘይነብ ቤት አደረሰን። «አባይ» ሐረሪዎች ለታላቅ ሴት የሚሉት ነው።

ቤቱ ስገባ አፌን ከፈትኩ። ወለሉ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ነው፤ ምንጣፍ ለብሷል፣ ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል። መደቡ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ለአባወራው፣ ለሽማግሌው፣ ለእንግዳው የየራሱ ቦታ አለው። እኔ ደግሞ የወሎ ትሕትናዬን ይዤ፣ «ዝቅ ያለው ይበቃኛል» ብዬ በሩ ሥር ዝርፍጥ አልኩ።

አባይ ዘይነብ ሰባዎቹን የጨረሱ፣ ቀጭን፣ ዐይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው። ትንሽ ተመለከቱኝና «ልጄ፣ እዚያ የምናስቀምጠው ጫማ ነው» አሉኝ።

ለተብርሃን እስክታነባ ሳቀች። ዓመቱን ሙሉ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

«እንግዳ ቦታውን አይመርጥም» አሉ አባይ ዘይነብ ወደ ላይኛው መደብ እየሳቡኝ። «ቦታሽን እኛ ነን የምንሰጥሽ። ነይ ውጪ፣ ቢስሚላህ።»

ለእራት ዶሮ ቀረበ። እኔና ለተብርሃን ተያየን፤ የእስላም ሥጋ አንበላም፣ ሰው ቤት ደግሞ እንዴት ይባላል! አባይ ዘይነብ ቀደሙን። «ብሉ፣ አትጨነቁ። ዶሮዋን የሙሉጌታ እናት ጋ ልኬ ነው ያስባረክኋት፤ የተሠራችውም በእናንተው ድስት ነው። ለክርስቲያን እንግዳ ብቻ የማስቀምጠው ድስት አለኝ፣ ወላሂ፣ ከተዳርኩ ጀምሮ።» እንግዲህ እኔ እርቅ ልማር የመጣሁት በሠላሳ ገጽ ዕቅድ ነው፤ እሳቸው በድስት ጨርሰውታል።

ረቡዕ

ቁርስ ፉል ነበር፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል። «ረቡዕ ፆማችሁ አይደለም እንዴ?» አሉን። የቡና ቅጠል የተፈላበት ቁጢ የሚሉትን ሻይ ጠጣን፤ የእሳቸው በወተት፣ የእኛ በባዶው።

ሙሉጌታ ከተማውን ሲያዞረን ስለ ግንቡ ብዙ ነገረን፤ ማስታወሻ ይዣለሁ፣ የታሪክ መምህራችን ሊያየው ይችላል። እኔ የማስታውሰው ገበያው መሐል የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጥሶ በሶዬ መሬት ላይ መበተኑን ነው። አንዲት የኦሮሞ ቲማቲም ሻጭ ሻሿን አንጥፋ አብራኝ ለቀመች፤ ቋንቋ አልተግባባንም፣ ሳቅ ግን ተግባባን።

ቦርሳውን መኪና ግርግር ወሰድነው፤ የስፌት መኪና ድምፅ የማይጠፋበት የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። አንድ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሽማግሌ ሰፊ ገበሩን ዳሰሱና «እዚህ ውስጥ ነገር አለ» አሉ። ኪሱ ተቀዶ ኖሮ፣ ገበሩን ቢተረትሩት ቁልፍ ወደቀ። የእድሩ መጋዘን ቁልፍ! ማሽኑ ያየው፣ ጥበቃዋ ያጣችው ብረት።

ወዲያው ለጋሽ አስረሴ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ሐረር መጥቷል» ብላቸው ከት ብለው ሳቁ። «ይሁን፣ ያንቺው ሳምንት እስኪያልፍ ማንም አይሞትም» አሉኝ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ለተብርሃን ፊቴን አየችና «ምነው? የተገኘ ዕቃ ያስከፋል እንዴ?» አለችኝ። ከሰፊው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ለማንም ያልተናገርኩትን ለእሷ ነገርኳት።

ጎረቤቴ እትዬ የሻረግ ይባላሉ። ተዋጊዎች ሲመጡ ከተማው በሙሉ ሲሸሽ፣ ባላቸው አልጋ ይዘው ስለነበር እሳቸው ቀሩ። የመጣው ሁሉ ዳቦ ጋግሪ ሲላቸው ጋገሩ። ስንመለስ የሁላችንም ቤት ተዘርፎ የእሳቸው ቤት በር ቆሟል። «ቤታችንን ያሳየች እሷ ናት» ተባለ። ያየ የለም፤ ሁሉም ግን አለ። እኔም አልኩ፤ የእኔ በር ተነቅሎ የእሳቸው ሲቆም ደሜ ፈልቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ባላቸው ሞቱና ድንኳን ሊጠይቁ ራሳቸው ደጄ መጡ። «እትዬ፣ ቁልፉ ጠፍቶብኛል» አልኳቸው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። የእድሩ ሰዎችም ጠፋ ስላቸው አመኑኝ፤ ማመኑ ለሁላቸውም ቀለላቸው። ባላቸው ዝናብ በሚያንጠባጥብ ላስቲክ ሥር ተለቀሰላቸው። ከዚያ ወዲህ የእትዬ የሻረግን ደጅ የረገጠ የለም፤ እኔም ቁልፉ «ተገኘ» ካልኩ ወዲህ ከራሴ ለይቼው አላውቅም።

ለተብርሃን ትቆጣኝ ይሆናል ብዬ ነበር። «እኛ ጋ ድንኳን ሞልቶ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «የጠፋው ሬሳው ነው። ወንድሜን ሳልቀብር ነው ያለቀስኩት። ስንዱዬ፣ ለቅሶ የተከለከለ ሰው አልወጣለትም፤ ውስጡ ይቀመጣል። እኔ አውቀዋለሁ።»

እጇን ያዝኩ። ሰፊው ቦርሳዬን ሲያቀብሉኝ ሁለታችንም እንባችንን እየጠረግን ነበር፤ ሽማግሌው ግራ ተጋብተው «በደንብ እኮ ነው የሰፋሁት» አሉ።

ሐሙስ

ማለዳ የአባይ ዘይነብ ሠራተኛ ሮጣ ገባች። የግድግዳ ጎረቤታቸው ፈትሒያ አርፋለች። አባይ ዘይነብ «ኢንና ሊላሂ» ብለው ተነሡና ሻሻቸውን አሰሩ፤ ቁርሳቸውን ሳይነኩ ሣህንና ጀበና ሰብስበው ወጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ማታ ማታ አባይ ዘይነብ ሲያወሩን ከዚህችው ፈትሒያ ጋር ተኳርፈው ዓመታት ማለፋቸውን ነግረውናል። የፈትሒያ አሸንዳ ውኃውን የሚያፈሰው በእሳቸው ግድግዳ ላይ ነው፤ «አዙሪው» ቢሏት «አላዞርም» አለች። ሰላምታ የለም፣ ሠርግ ላይ እንኳ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት። ለፈትሒያ ያወጡላትን ስም እዚህ አልጽፈውም።

እኔና ለተብርሃን ተከትለናቸው ሄድን። የአፎቻቸው ሴቶች ሁሉ መጥተዋል። አፎቻ እንደ እኛ እድር ነው፤ በሠርግም በሞትም የሚደራረስ ማኅበር። አንዷ ውኃ ትቀዳለች፣ አንዷ ምንጣፍ ታነጥፋለች፤ ማንም ማንንም አያዝም። አባይ ዘይነብ ከሁሉም ቀድመው የፈትሒያን ልጅ አቅፈው ተቀምጠዋል፤ ምርር ብለው ያለቅሳሉ። አስመሳይ ለቅሶ አውቃለሁ፣ ስንት ቀብር የሄድኩ ሰው ነኝ። ይኼ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ መቻል አቅቶኝ ጠየቅኩ። «እማ፣ ተኳርፋችሁ አልነበረም እንዴ?»

«ነበርን እንጂ። አሸንዳዋ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ ነው።»

«ታዲያ?»

ቆም አሉና የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቀ ልጅ አዩኝ። «ኩርፊያው የእኔና የእሷ ነው። ሞቷ ግን የአፎቻው ነው። ልጄ፣ አፎቻ ለሚዋደዱ ሰዎች ነው የተሠራው ብለሽ ነው? የሚዋደዱማ ሳይጠሩም ይመጣሉ። ለማይዋደዱት ነው እንጂ።» ትንሽ ሄደው ደግሞ ዞር አሉ። «እናንተ ጋ እድር አለ አይደል? እንዲሁ አይደለም እንዴ?»

ኪሴ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨበጥኩ። ለተብርሃን አየችኝ።

ዓርብ

ድሬ ጠያራ የሚባለውን ገጠር ልናይ ሄደን ባጃጃችን ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ገበሬዎች ከማሳቸው ወጥተው እየዘፈኑ ገፉን፤ ቀሚሴ እስከ ጉልበት ጭቃ ሆነ። ስመለስ አባይ ዘይነብ ቀሚሱን ቀምተው፣ ሠራተኛቸው እያለች፣ በገዛ እጃቸው አጠቡልኝ። ውኃ በጀሪካን በሚገዛበት ከተማ! እምቢ ብል «ዝም በይ፣ ዕቅድሽን አንብቢ» አሉኝ። ዕቅዴን አነበብኩ። «እድር የማኅበረሰብ እርቅ ቀዳሚ መሣሪያ ነው» ይላል ሁለተኛው ገጽ። ዘጋሁት።

ቅዳሜ

ዕቅዳችንን የምናቀርብበት አዳራሽ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ አስረሴ ናቸው።

«ስንዱ፣ የየሻረግ እናት ሌሊት ዐረፉ። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«ነፍስ ይማር።»

«ራሷ የሻረግ ድንኳን ልትጠይቅ መጥታ ነበር።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እግዜር ሲረዳን ቁልፉ አንቺ ጋ ነው። ዘንድሮ መዋሸትም አላስፈለገን፤ ‹ቁልፉ ሐረር ነው› ብያታለሁ። እውነት ነው አይደል?»

እውነት ነበር። ያ ነው ያስደነገጠኝ። ያኔ ኪሴ ውስጥ ሆኖ የለም አልኩ፤ አሁን በእውነት የለም፣ እኔም ነፃ ነኝ፣ ማንም አይጠይቀኝም። ዝም ብል ያልፋል። ለተብርሃን ከጎኔ ቆማ ታየኛለች።

«ጋሼ፣ ጓጉንቸሩን ስበሩት» አልኩ።

«ምን?»

«ስበሩት። አዲስ እኔ እገዛለሁ።»

«የእድሩን ንብረት? በማን ፈቃድ?»

«በእኔ! ያኔ ጠፋ ያልኩት ቁልፍም አልጠፋም ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ለጉባኤው ንገሯቸው፣ ስመጣ ራሴም እነግራቸዋለሁ። ከጸሐፊነት አንሡኝ ከፈለጋችሁ። አሁን ግን ሰዓቱ ሳይሄድ ስበሩት።» እየጮኽኩ ኖሯል፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረዋል።

የተዘጋ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ ጋሽ አስረሴ በታመመ ሰው ድምፅ። «ጠርጥሬ ነው ዝም ያልኩት።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መጥረቢያ ይበቃው ይሆን?»

ዕቅዴን ሳቀርብ የተዘጋጀውን አላነበብኩም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ይኼን ለእናንተ የነገርኳችሁን ነገርኳቸው። አስተባባሪዋ ስጨርስ «የሚቀጥለው እርምጃሽስ?» አለችኝ። «ለቅሶ መድረስ» አልኩ። የጻፈችው ይመስለኛል።

እሑድና ሰኞ

አባይ ዘይነብ እስከ ግንቡ በር ሸኙን። ለመንገዳችን ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡን፤ ታሪኩን ለተብርሃን ነግራቸው ኖሮ ጆሮዬ ላይ «ሰው ቤት ስትገቢ በር ሥር አትቀመጪ። ቦታሽን እነሱ ይስጡሽ» አሉኝ። አዲስ አበባ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ከለተብርሃን ጋር ተቃቅፈን ተለያየን። እሷ ወደ መቀሌ፣ እኔ ወደ አውቶቡስ። እስካሁን በየእሑዱ ትደውልልኛለች።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ከተማችን ስደርስ የእትዬ የሻረግ ደጅ ከሩቅ ታየኝ። ድንኳኑ ተተክሏል። የእኛው ነው፣ ጥጉ ላይ ያለውን መጣፊያ ራሴ ነኝ የሰፋሁት። የእናታቸው ሰልስት ነበር። ጋሽ አስረሴ በር ላይ ቆመው እንግዳ ያስገባሉ፤ ሲያዩኝ ዐይናቸውን ሰብረው መንገድ ለቀቁልኝ። ሁሉም ሰው መጥቷል ብላችሁ ውሸት ነው፤ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። ግማሹ ግን ሰው ነበረበት።

ሻንጣዬን እንደያዝኩ ገባሁ፤ የት እንደምቀመጥ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። እትዬ የሻረግ ጥቁር ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ።

«እግዚአብሔር ያጥናዎት» አልኩ ተቀምጬ።

ፊታቸውን ሳያዞሩ «ያ የጠፋብሽ ቁልፍ ተገኘ?» አሉኝ።

«ጠፍቶም አያውቅ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ጠፋ ስትዪኝ ኪስሽ ውስጥ ሲንቃጨል ይሰማኝ ነበር።»

መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉት፤ እንደ ልጅ እጅ የቀለለ ነው።

«እንግዲህ ለሁለቱም አልቅሺ፤ ለእናቴም፣ ለባሌም» አሉኝ። «አሁን ድንኳን አለ።»

አለቀስኩ።